ሰክሮ የተሳፈረው ሙክት

የቀረችኝን ዕድሜ ይንሳኝ፣ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። የቀረችኝ ብዙ ባትሆንም መሐላ መሐላ ነው።

ለመሆኑ የኢንሹራንስ ውል አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ሰው ውል የሚያነበው ከወደቀ በኋላ ነው። ልጄ የጉልበቴን ነገር አይታ የኤሌክትሪክ ስኩተር ከነኢንሹራንሱ ስትገዛልኝ፣ "እዚህ ጋ ፈርም አባዬ" አለችኝ፤ ፈረምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በከሚሴ ከነፋስ ቀጥሎ ፈጣኑ እኔ ሆንኩ። ባጃጅ መንገድ ይለቅልኛል። አንድ የአፋር ግመል እንኳ ቆሞ አሳልፎኛል።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ባለቤቴ ዘነበች ለበዓል የሚሆን ሙክት እንድገዛ ጨፋ ሮቢት ላከችኝ። ገዝቼ፣ በሁለት እግሬ መሀል አቁሜው ስመለስ ባትሪው አለቀ። በዚያ መንገድ ላይ ሶኬት ያለው ብቸኛ ቤት ምን ቤት ቢሆን ጥሩ ነው? ጠላ ቤት! ጥፋቱ የኔ ነው? የመብራት መስመሩን የዘረጋውን ሰው ጠይቁት።

ባትሪ እስኪሞላ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠላ ቤት ተቀምጬ ምን አዘዝኩ? ውሃ። ጠላ ሻጯ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ሙክቱ ግን ጓሮ የተቀመጠውን የአተላ ባልዲ ሲያይ አንገቱን እስከ ትከሻው ቀበረ። ቀና ሲል ዓይኑ ደም ለብሷል፤ አረማመዱ የሹመት ነው።

ጉዞ ጀመርን። ያንን ትንፋሹን አገጬ ላይ እየለቀቀብኝ ማሽላው መሀል ስንደርስ፣ መሪውን በቀንዱ ጠመዘዘውና እኔም እሱም ስኩተሩም ቦይ ውስጥ ገባን። እሱ ተነስቶ ወደ ቦርከና ወንዝ ሮጠ። እኔ ከነሽታው ቀረሁ።

መጀመሪያ የደረሱልኝ ጎረቤቴ ሐጂ ይመር ናቸው። መጠጥ በከንፈራቸው ዞሮ አያውቅም፤ ውሸትም እንደዚያው። "ያ ጃርሳ፣ ማል ታቴ?" አሉኝ፤ አንተ ሽማግሌ ምን ሆንክ ማለታቸው ነው። ጎንበስ ብለው ሊያነሱኝ ሲሉ ሽታው ደረሳቸው። "አስተግፊሩላህ!" ብለው አፍንጫቸውን ያዙ።

በማግስቱ የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች ከደሴ መጣች። ትሑት ልጅ ናት። ጠጥቶ ያሽከረከረን ሰው ውሉ እንደማይሸፍን ነገረችኝና፣ "አባባ፣ ጠጥተው ነበር?" አለችኝ። ስኩተሩ ለሁለት ተሰብሯል፤ ካልተጠገነ እኔም ደጃፌ ካለችው ዱካ መቀመጫዬ አልነሳም። ስለዚህ እንደ ጠበቃ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ጠጪው ተሳፋሪው እንጂ አሽከርካሪው አለመሆኑን አስረዳሁ። ስለ ሰካራም ተሳፋሪ ውሉ ምን ይላል? ገጹን ገለጠች፣ ደግማ ገለጠች። ምንም አይልም! አቤት ያቺ ደቂቃ!

ምስክር ስትፈልግ ሐጂ ተጠሩ። "ወላሂ ሽታው ነበር። ሙክት ግን አላየሁም፤ ከነበረም ሳልደርስ ሮጧል" አሉ። እኔም ሰካራም አንድ ቦታ ይቆማል እንዴ ብዬ ተከራከርኩ። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች፣ ጻፈችና፣ "መልካም፣ ሙክቱን ተቀብያለሁ" አለች።

ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። ያኔ ጣቷን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈች። ስኩተሩ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው፤ ሰውም ይሁን ከብት ደርቦ የጫነ ካሳ የለውም። "ባይጭኑት ኖሮ..." ብላ አዘነችልኝ።

ዛሬ ስኩተሩ ላይ ዶሮ ይሰፍርበታል፤ እኔም ዱካዬ ላይ ነኝ። ዘነበች ግን አሁንም ከጨፋ የመጣውን ሰው ሁሉ እያስቆመች፣ ቀንዱ የተቆለመመ ቡናማ ሙክት አይቶ እንደሆነ ትጠይቃለች።

እንግዲህ ዕድሜዬን አስይዤ የለ? ሁሉም እውነት ነው፤ ጠላ ቤቱም፣ ቦዩም፣ ሽታውም። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬበታለሁ፤ ሙክቱን። ለዘነበች ግን እንዳትነግሯት፤ ይገኛል ብላ ተስፋ አድርጋለች።