አሥራ ስድስተኛው ቁልፍ

ከዚህ በታች ከምታነቡት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ በቁሜ እንደ ግራር እንጨት ልድረቅ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን መሐላ ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ። «ሰይድ ሲምል ያመነ የበሬ ወተት ይጠጣል» የሚለውን አባባል በከሚሴ ገበያ ያስወሩብኝ እነሱው ናቸው። ዛሬ ግን የማወጋችሁ ነፍሴን አስይዤ ነው፤ ሌላ የማስይዘውም የለኝ።

በእኛ አገር ሰላምታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሌላ ቦታ ሰው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን በ«አሰላሙ አለይኩም» ተጀምሮ፣ በአማርኛ እንዴት አደርክ ተብሎ፣ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን፣ ነጋያ?» ተደግሞ፣ ከሰው ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ዝናብ ይወረዳል። ሁለት ሽማግሌዎች መናኸሪያው በር ላይ ሰላምታ ሲጀምሩ የተነሳ ሚኒባስ፣ ደሴ ደርሶ፣ ሰው አራግፎ፣ ሞልቶ ሲመለስ ገና የፍየሎቻቸውን ጤንነት ሲጠያየቁ አግኝቷቸዋል። ካላመናችሁ ረዳቱን ጠይቁ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ሰላምታን ሳይመልሱ መቅረት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ከገባችሁ፣ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ ሽማግሌ ሰላምታ በየጠዋቱ እየደረሰኝ ሳልመልስ ኖርኩ ስላችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አትቸኩሉ።

ሥራዬ በከተማችን ባለች አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅን መንገድ ማስያዝ ነበር። ነገሩ ከመናኸሪያ አይለይም። ድምፅ ከየቦታው ይመጣል፤ ከስቱዲዮ፣ ከስልክ፣ ከቴፕ፣ ከገበያ። መሄጃውም ብዙ ነው፤ አንዱ ወደ ማሠራጫው፣ አንዱ ወደ መቅጃው፣ አንዱ ወደ ዜና ክፍል። የትኛው ድምፅ ወዴት እንደሚሳፈር የምወስነው እኔ ነኝ፤ የድምፅ ተራ አስከባሪ በሉኝ። መሣሪያዬ ቀዳዳ የበዛባት አንዲት የብረት ሰሌዳና መጠላለፉን እኔና ፈጣሪ ብቻ የምናውቀው ሽቦ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰካው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ተኝቼ ሰክቻለሁ፤ ዜናው ሳይዛነፍ ተላልፏል።

ከሽቦዎቹ አንዷ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ትመጣ ነበር። በገበያው ዳር ባለች የቆርቆሮ ክፍል ማይክ ተክለን፣ በገበያ ቀን የማሽላውንና የበሬውን ዋጋ የሚናገርልን ሰው ነበረን። ሰውየው ሌላ ሥራ አገኘና ሄደ፣ ዝግጅቱም ቆመ፤ መስመሩ ግን «አንድ ቀን ይፈለጋል» ተብሎ ክፍት ቀረ። የክፍሏ ጥበቃ አባ ጀማል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«በየጠዋቱ ወደ ማይኩ ጠጋ ብለው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይበሉ፤ መስመሩ መሥራቱን እናውቃለን» አልኳቸው፣ እዚያው ማይኩን እያሳየኋቸው።

«ሰላም ሳልል ቁጥር ልጥራ? ምን፣ በግ ነው የምቆጥርልህ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ጥግ ካለችው ስፒከር «አሰላሙ አለይኩም፤ አካም ቡልተን?» ይመጣል። ቀጥሎ ዝም ይላሉ። ልክ ሰው ሊመልስበት የሚበቃ ዝምታ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ራሳቸው ይቀጥላሉ። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ አደረ። የግሪሳ መንጋ ፀሐይን ጋርዶ ዶሮዎች መሸ ብለው ገቡ። እየቆየ ደግሞ ለሰው የማይነገረውን ማውራት ጀመሩ። ልጃቸው ጀማል የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ተጣልተዋል። ወደ ደሴ ሲያልፍ እዚያው አባቱ ደጅ ላይ ክላክሱን ይነፋል እንጂ ወርዶ አያውቅም። «ዛሬም ነፍቶ አለፈ» ይላሉ። አንድ ቀን ይህን ብለው አለቀሱ፤ ማይኩ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ እንባ ሲዋጥ ሁሉ ያሰማል።

መስመሯ መምጫ እንጂ መሄጃ አልነበራትም። እዚያ ግድግዳው ላይ ከዋጋ ነጋሪው የተረፈች ስፒከር ተሰቅላለች፤ ከእኔ ሰሌዳ ግን ወደ እሷ የሚወስድ ቀዳዳ የለም። እኔም በባዶ ክፍል «ወአለይኩሙ ሰላም» እላለሁ። የሚሰማኝ ወንበሬ ነው።

ልባም አንባቢ «ምነው፣ ጨፋ ሮቢት ሰማይ ቤት ነው? ተሳፍረህ ሄደህ አትነግራቸውም?» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። መጀመሪያ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ሲቆይ አፈርኩ። ኋላ ላይ ግን ምክንያቱ ሌላ ሆነ። ባለቤቴ ዘሀራ ከሞተች፣ ልጆቼም አንዱ አዳማ አንዱ ደሴ ከገቡ ወዲህ፣ በዚህች ምድር ላይ እንዴት አደርክ ብሎኝ መልሴን የሚጠብቅ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለሰላምታቸው መልስ ከቶ እንደማይመጣ ካወቁ ይተውኛል ብዬ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እኔ አይቼዋለሁ።

እንዲህ ስንኖር፣ ባጃጅ ከሚሴን እንደ አንበጣ በወረረበት ዓመት፣ ሽቦዎቼ በኮምፒውተር ይተኩ ተባለ። ሰናይት የምትባል ኢንጂነር ከአዲስ አበባ መጣች። ሰሌዳዬን ነቀለች፣ ሶፍትዌሩን ጫነች፣ ስክሪኑ ላይ አሥራ ስድስት ቁልፎችን ደረደረች። የነቀለችው ሽቦ ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ አሰብ ደርሶ ይመለሳል። ለክቼዋለሁ።

«ጋሼ፣ ከየት እንደሚመጣ እዚህ ይነካሉ፣ ወዴት እንደሚሄድ እዚህ ይነካሉ። አለቀ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የተማርኩት ሥራ አለቀ ማለቷ ነው። ከዚያ በየቁልፉ ላይ ስም እየጠየቀችኝ ጻፈች። አሥራ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህን የጨፋ ሮቢት መስመር የሚጠቀምበት ዝግጅት የለም። ላጥፋው?»

«ተይው ልጄ።»

«ማን ይጠቀምበታል?»

«እኔ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ነገርኳት። ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነበር። ቆሎዋን እየቆረጠመች ሰማችኝና «ታዲያ ለምን አይመልሱላቸውም?» አለች።

«ቀዳዳ የለውማ።»

«ጋሼ፣ ቀዳዳ እኮ ቀረ» ብላ ሁለት ሦስት ቦታ ነካካች። ስድስት ዓመት የከበደኝ ነገር የአንድ እፍኝ ቆሎ ዕድሜ አልፈጀም። «ይህን ሲጫኑ ድምፅዎ እዚያ ይሰማል። ምን ብዬ ልጻፍበት? ከስምንት ፊደል አይበልጥም።»

«ወአለይኩም» አልኳት። ስድስት ፊደል ነው። ሁለት ተረፈን።

እሷ በከሰዓቱ ሚኒባስ ሄደች። እኔ በማግስቱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ፣ ለሬዲዮ ሸሚዝ የተኮሰ የመጀመሪያው ሰው ሆኜ፣ ቁልፏ ፊት ተቀመጥኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፤ አካም ቡልተን?»

ተጫንኳት። አረንጓዴ በራች።

«ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ፣ አባ ጀማል። ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ። አንቱስ እንዴት አደሩ?»

ወዲያ ማዶ አንድ ነገር ወደቀ። መጥረጊያ መሰለኝ።

«ማነህ?»

«ሰይድ ነኝ፤ ከጣቢያው።»

«እዚያ ሰው አለ እንዴ?»

«አለ።»

«ድሮም ትሰማ ነበር?»

እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ውሸት ምሳ በልቼ የማላውቅ ሰው፣ አንዲት ሚጢጢ ውሸት በምታስፈልግበት ሰዓት፣ «መስመሩ ገና ዛሬ ተከፈተ» ማለት ሲገባኝ፣ «እሰማ ነበር» አልኩ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«የጀማልንም?»

ሶፍትዌሩ ዝምታዬንም ሳያጓድል አደረሰላቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ በመጨረሻ። አንተ ሲሉኝ የኖሩት ሰው አንቱ አሉኝ። «መሣሪያው እንጂ ሰው የሚሰማኝ አልመሰለኝም ነበር።»

ለካ እኔ ሰው ይሰማኛል ብለው የሚያወሩ ሲመስለኝ፣ እሳቸው የሚያወሩት ማንም አይሰማኝም ብለው ኖሯል። ባዶ ቤትም ቢሆን ሲገቡበት ሰላም ይባላል፤ እሳቸውም ሲያደርጉ የነበረው ይህንኑ ነው። ባዶ ቤቱ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ድምፃቸው መጣ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» ሌላ የለም። እኔም ቁልፏን ተጭኜ «ይሰማል» አልኩ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ጠዋታችን ይኸው ሆነ።

አንድ ቀን ተሳፍሬ ሄድኩ። ሻይ አዘዙልኝ። ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ማሽላው አወራን፣ ስለ ፍየሎቹም ጤንነት ተጠያየቅን። አንድ ከባድ መኪና ክላክስ እየነፋ ሲያልፍ ሁለታችንም የሻይ ብርጭቋችንን አየን።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጠዋት፣ ከእሳቸው ቀድሜ ቁልፏን ተጫንኩና «አባ ጀማል፣ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው» አልኳቸው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ። በሩ ግን አልተዘጋም። ዝም አሉ። ልክ እንደ ድሮው፣ ሰው ሊመልስበት የሚበቃ ዝምታ። ከዚያ ቀስ ብለው «አራት» አሉ።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ችግሩ በቁሜ ልድረቅ ብዬ ምዬላችኋለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ መድረቅ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ልናዘዝ። ሚኒባሱ እውነት ነው፤ ግሪሳውም፣ አሰብ የሚደርሰውም ሽቦ እውነት ነው። ያቺ ዝምታም እውነት ናት። አባ ጀማል ግን ያቆሙት ሦስት ላይ ነው። «አራት» ያልኩት እኔ ነኝ።