የተከሳሽ ዱካ

ይህን የነገረችኝ የመሪጌታ ይኄይስ ሚስት ብርቄ ናት። ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ጆሮዬን ጎትታ። የሰው ወሬ አዲሴ አይደለም፤ ይህኛውን ከሰማሁ ወዲህ ግን መቀመጫ አጣሁ። ቁጭ ስል ያስነሣኛል፣ ስነሣ ወደ ደጅ ያስወጣኛል።

ወገዳ ውስጥ መሪጌታን የማያውቅ አለ? ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ተምረው የመጡት፣ ፍርድ ቤቱ ደጅ ሸራ ወጥረው ማመልከቻ የሚጽፉት ናቸው። ብዕራቸው ጉድ ነው። አንዱ “አጥሬን ነቀነቀብኝ” ብሎ ይሄዳል፤ እሳቸው ሲጽፉለት “ቤቴን ከነልጆቼ ሊያጠፋ ተነሥቶብኛል” ይሆናል። ሲነበብለት ለራሱ ያለቅሳል።

አምና ስለ ማኅበረሰብ ግንባታ ሥልጠና አለ ተባለና ሦስት ቀን አዳራሽ ተቀመጡ። አዳራሽ የገባ ሰው ይዞ የሚመለሰው እስክርቢቶና ደብተር ነው። መሪጌታ ግን ሐሳብ ይዘው ተመለሱ። የእኔ ሥራ ለካ ሰውን ከሰው ማራራቅ ኖሯል አሉ። በማግሥቱ ከሳሹ ከሚቀመጥበት ዱካ አጠገብ ሌላ ባለ ሦስት እግር ዱካ አስቀመጡ። ይኼ የማን ነው ሲሏቸው፣ የተከሳሽ ነው፤ ባላጋራውን ይዞ ላልመጣ ከእንግዲህ አልጽፍም አሉ።

ብርቄ ደነገጠች። እንጀራችን የሰው ጠብ ነው፣ ሁሉ ከታረቀ ምን ልንበላ ነው፣ ያቺን ሸራ ካጣን ሌላ ምን አለን ብትላቸው፣ ሰው ሲታረቅም የሚያስጽፈው አያጣም፣ የሰርግ ጥሪ እጽፋለሁ አሏት። ስምንት አፍ ያለበት ቤት በሰርግ ጥሪ!

መጀመሪያ የመጡት አያ ሞላና እትዬ ዘርትሁን ናቸው። ሁለቱም ጎረቤቶቼ ናቸው፤ እሱ በቀኜ፣ እሷ በግራዬ። የጠባቸው ሥር ንብ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት የአያ ሞላ ንብ ተነሥቶ እትዬ ዘርትሁን ባዶ ቀፎ ገባ። እሱ፣ እንዲያርፍልኝ አፈር እየበተንሁ እስከ ደጇ ተከትዬዋለሁና የእኔ ነው ይላል። እሷ፣ በራሱ የመጣ እንግዳ አላባርርም ትላለች። ከዚያ ወዲያ በሬው ቡቃያ በላ፣ ውሻዋ ነከሰ፣ አንዱ ክስ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል።

እንግዲህ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መሪጌታ እንደ ሥልጠናው፣ እያንዳንዳችሁ ሌላው ያስከፋችሁን ተናገሩ አሉ።

“ሌባ ብለሽ አጽፈሽብኛል” አለ አያ ሞላ።

“እኔ? እኔ ያልሁት ቀፎዬን አትይብኝ ነው። አንተ አይደለህ መተተኛ ያልኸኝ?”

“እኔ ያልሁት ንቤ መንገድ ጠፋው ነው።”

ሁለቱም ከጉያቸው ወረቀት አወጡ። አያ ሞላ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሯል። ጣቱን እያስኬደ የእሱንና የእሷን አስተያየ። ሌባ የሚለውም መተተኛ የሚለውም የአንድ ሰው፣ የመሪጌታ እጅ ናቸው። ጠዋት ለእሱ ክስ፣ ከሰዓት በኋላ ለእሷ መልስ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

እትዬ ዘርትሁን፣ “ሞልዬ፣ ለካ ተጣልተን አናውቅም” አለች።

“ተጣልተንማ ነበር። ግን በልካችን ነበር።”

እዚያው ተሳሳሙ። ሥልጠናው ሠራ! የታረቀ ሰው ደግሞ ጉልበት አለው፤ ተያይዘው ወጡና መሪጌታን ከፍርድ ቤቱ ደጅ ሊያስነሡ ተማከሩ። ማን ይጻፍላቸው? እዚያው ደጅ ያለው ሌላኛው ጸሐፊ እጁ የዶሮ ጭረት ነው። ዞረው ዞረው ተመለሱ።

“የኔታ፣ ከዚህ ደጅ እንዲነሡልን ማመልከቻ ይጻፉልን” አላቸው አያ ሞላ።

ብርቄ ምሳ ይዛ ደርሳ ነበርና በዐይኗ አይታለች። እንቢ ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ከወንበራቸው ተነሥተው የተከሳሹ ዱካ ላይ ተቀመጡ፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ጻፉ። ሲያነቡት አያ ሞላ አለቀሰ። እትዬ ዘርትሁን፣ ኧረ ይኼን ያህልስ ክፉ አይደሉም፣ ትንሽ ይቀንሱለት ብትል፣ የእኔ ብዕር ቀንሶ አያውቅም አሉ።

ብርቄ ምሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ስለ ልጆችዎ ብለው መልሱንም ይጻፉት ብላ ለመነቻቸው።

“ለሁለት ወገን መጻፍ ትቻለሁ” አሏት።

መልስ የሌለው ክስ እንዴት ይሸነፋል? ተፈረደና መሪጌታ ከደጁ ተነሡ። አሁን ቤተ ልሔም ድጓ ያስተምራሉ። ብርቄ ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬ ትሸጣለች። ሸራው ሥር የዶሮ ጭረቱ ተቀምጧል። አያ ሞላና እትዬ ዘርትሁን በጓሮ የሚያዋስናቸውን አጥር አፍርሰው ማሩን አብረው ይቆርጣሉ፤ በየሰንበቱ አንድ ግንድ ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ።

እኔ የሚያስጨንቀኝ ይኼ ወሬያቸው ነው። ስንት ዘመን የእሱን ወሬ ለእሷ፣ የእሷን ለእሱ ሳደርስ ኖሬ፣ አሁን ምን ምን እያስተያዩ ይሆን? እስካሁን የከሰሰኝ የለም። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እስከ ዛሬ የእኔ እንደ መሪጌታ በወረቀት አልነበረማ።