የጋሼ መኮንን የጓሮ ቤት

ካልጋሪ ውስጥ ትንሽ እንግሊዝኛ ከቻላችሁ የሰፈሩ ጠበቃ፣ ሐኪምና አምባሳደር መሆናችሁ አይቀርም። ደመወዝ የለውም፤ ሹመቱን አልፈልግም ማለትም አይቻልም። እኔም በዚሁ ማዕረግ ነው ጋሼ መኮንንን ይዤ የከተማው ምክር ቤት ፊት የቀረብኩት።

ጋሼ መኮንን ሳቫና የሚባለው ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴ ናቸው። ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ልጃቸው ቤት ነበር የሚኖሩት። የአዲስ ሰፈር ቤት መቼም ታውቃላችሁ፤ በዚህ ሁሉ ሜዳ ላይ መሬት ያለቀባቸው ይመስል ሁሉን ነገር ወደ ላይ ሰቅለውታል። መኝታው ፎቅ፣ መታጠቢያው ፎቅ። ቤዝመንቱ ደግሞ በደረጃ ቁልቁል ነው። እትዬ አስካለ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ የሚተኙት ሳሎን ሶፋ ላይ ሆነ። ጋሼም ብቻቸውን ፎቅ መውጣቱን አልወደዱትም፤ ከሶፋው አጠገብ ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጠፉ። እንግዳ ሲመጣ ፍራሹን ከሶፋው ጀርባ ይሸጉጡታል፤ እኛም እንዳላየን እንሆናለን።

በመጨረሻ ጋሼ አንድ ነገር አሰቡ፦ ጓሮው ውስጥ ደረጃ የሌላት አንዲት ትንሽ ቤት መሥራት። ልጃቸውም ደስ አላት። ችግሩ፣ በከተማው ደንብ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ቤት አይፈቀድም። ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለውን ምክር ቤቱ በምርጫ ቀን ሕዝቡን በድምፅ ሊጠይቅ አስቧል፤ እኛ የሄድነው ታዲያ ጥያቄው በሚዘጋጅበት ዕለት ነው።

ጥያቄ ማዘጋጀት ቀላል ይመስላችኋል? አንዷ አባል «ይፈቀድ» ይባል አለች። ሌላው፣ «ይፈቀድ» ካልን ሰውን ወደ «አዎ» መግፋት ነው፣ «አይከልከል» ይሻላል አለ። ሦስተኛው ተነሣና መጀመሪያ «ቤት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንስማማ አለ። ጋሼ በየመሃሉ ምን አሉ፣ ምን አሉ ይሉኛል። ቃል እየመረጡ ነው እላቸዋለሁ። ምሳ በልተው ተመልሰውም ቃል እየመረጡ ነበር።

ተራቸው ሲደርስ ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው ቆሙ። ቤት ሲለማመዱት የከረሙትን ንግግር እርግፍ አድርገው ተዉትና፣

«ሚስቴ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። አልጋ ላይ እንድትተኛ ነው የምፈልገው። ሌላ ነገር የለኝም» አሉ።

ተረጎምኩ። ሰብሳቢዋ ዐይኗን ጠረግ አድርጋ ከልብ አመሰገነቻቸው። ከዚያ፣ የጥያቄው አነጋገር ገና መጥራት አለበት ተብሎ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑማ ሰድበናቸው ይወጣልን ነበር። መኪና ውስጥ ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ አጽናኑኝ። አጽናኝ ተብዬ የሄድኩት እኔ!

እንቁላሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ጥያቄው አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፣ አንዴ ለባለሙያ ይመራል። በዚህ መሃል በረዶው ገባ። እትዬ አስካለን ሳል ጀመራቸው፤ ሳሉ ወደ ደረታቸው ወረደ። እዚያው ሶፋ ላይ፣ ጋሼ እጃቸውን እንደያዙ፣ እትዬ አስካለ አረፉ።

ስለ ቀብር ቦታው ልንነጋገር ስንሄድ አስተርጓሚው ያው እኔ ነኝ። የመካነ መቃብሩ ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከፈለጉ ጉድጓዱ ጠለቅ ተደርጎ ይቆፈራል፣ ቀናቸው ሲደርስ ጋሼም እዚያው ከባለቤታቸው ጋር ማረፍ ይችላሉ አለች። ይሄን ደግሞ ምን ብዬ ልተርጉመው? እንደምንም ተረጎምኩት።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«በአንድ ቦታ ላይ ሁለት? ምክር ቤቱ ፈቅዷል ወይ በላት» አሉኝ።

ጠየቅኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ይሄ የማንንም ድምፅ አይጠይቅም፣ ድሮም የተፈቀደ ነው አለች።

ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ለካ ከመጀመሪያውም እዚህ ነበር ማመልከት» አሉ።