የዕለቱ ምርጥ ስህተት

መልሱን እያወቁ የሚጠይቁ ሰዎች በዓለም ላይ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ መርማሪ ፖሊስ፣ የጠረጠረች ሚስት እና የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት። ከመርማሪው በጠበቃ፣ ከሚስት በጸሎት ማምለጥ ይቻላል። ከሦስተኛዋ ግን እስከ ዛሬ ያመለጠ ሰው አላየሁም።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በየትምህርት ቤቱ አንድ እንዲህ ያሉ ሴት አሉ። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ቦርሳቸው ከራሳቸው የከበደ። ሲራመዱ ቦርሳው ውስጥ ሁለት መቶ የሚሆን የጠርሙስ ቆርኪ ይንኳኳል፤ ልጆቹ መምጣታቸውን የሚያውቁት በዚሁ ነው። የቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ክር፣ መቀስ፣ የተሰባበረ ጠመኔ እና አስር አስር ሆነው በላስቲክ የታሰሩ ስንጥሮች ይገኛሉ። እጅዎን ሲጨብጡ ነጭ አሻራ ትተውብዎት ይሄዳሉ።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ስትገባ የደረሷት እኚህ ነበሩ። እኔ በልቤ ያወጣሁላቸው ማዕረግ «ክብርት እንዴት አወቅህ» ነው። ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል እሱ ነዋ! አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «አስራ አራት!» ቢል «ጎበዝ» አይሉም፤ «ተሳስተሃል»ም አይሉም። አንገታቸውን ሰበር አድርገው «እንዴት አወቅህ?» ይላሉ። ትክክል የመለሰውም ይደነግጣል፣ የተሳሳተውም ይደነግጣል፤ ከዚያ ሁለቱም ሳይወዱ በግድ ማሰብ ይጀምራሉ።

ልማዱ ከክፍል ውጭም አይለቃቸውም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ ጠዋት «መምህርት፣ ዛሬስ ይዘንባል» ቢላቸው «እንዴት አወቅህ?» አሉት። ሰውዬው ስለ ጉልበቱ ቁርጥማት፣ ስለ ጉንዳኖቹ መንገድ፣ ስለ ደመናው ቀለም ሲያስረዳ ደወሉን ሳይደውል አስር ደቂቃ አለፈ። ዘነበም። ሐኪማቸው «የደም ግፊትዎ ጨምሯል» ሲላቸው ደግሞ የመለኪያውን አሠራር ከሀ እስከ ፐ እስኪያስረዳቸው ድረስ ከወንበሩ አልተነሡም ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

ዋናው ጉድ ያለው ሰሌዳው ላይ ነው። የጥቁር ሰሌዳው ቀኝ ጥግ በቀይ ጠመኔ ታጥሯል፤ ከላዩ «የዕለቱ ምርጥ ስህተት» ይላል። ልጆቹ በዕለቱ ከተሳሳቱት መካከል የሚያስተምረው ተመርጦ ከነባለቤቱ ስም እዚያ ይጻፋል። ባለቤቱ ይነሣል፣ እንዴት እንደደረሰበት ያስረዳል፣ አርባ ሦስት ልጅ ያጨበጭብለታል። ደግሞ ዝም ብሎ የተገኘ ስህተት ሁሉ አያልፍም። ያለ ሐሳብ የሞነጫጨረውን «ይሄ ስህተት አይደለም፣ እንቅልፍ ነው፤ ሂድና የረባ ስህተት ይዘህ ና» ብለው ይመልሱታል።

እኔ የተማርኩት በሌላ ዘመን ነው። የኛ መምህር ከጠመኔ ይልቅ የእንጨት ማስመሪያ ነበር የሚወዱት። የማባዛት ሰንጠረዡን ቆመን በየተራ እንላለን፤ የተደናቀፈ መዳፉን ይዘረጋል። እኔ የተደናቀፍኩት ሰባት በስምንት ላይ ነው፤ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ወጥቻለሁ፣ ጸጉሬም ሸብቷል። ዛሬም ግን ሰው «ሰባት በስምንት» ሲል ከሰማሁ፣ ሃምሳ ስድስት ከማለቴ በፊት ቀኝ እጄ በራሱ ጊዜ ይጨበጣል።

እንዲህ ያለ ሰው ለልጁ ይራራል ትላላችሁ? አልራራሁም። ማስመሪያውን ትቼ ሰንጠረዡን ወረስኩ። እራት በቀረበ ቁጥር ልጄን እጠይቃለሁ።

«ሰባት በስምንት?»

«አባ፣ ላስብ።»

«አይታሰብም! ይታወቃል እንጂ!»

እንባዋ ሳህኗ ላይ ጠብ ይላል። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት መርፌ አይጠፋም። መርፌዎቹን ሳታወጣ ከጥርሷ መሐል «ተዋት እንጂ አንተ ሰው! አንተስ ስታውቀው ምን ተጠቀምክ?» ትለኛለች። ልጃችን የሒሳብ ደብተሯን ስታወጣ «ሆዴን» ማለት የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው።

አንድ ቀን ደብተሯን ገለጥኩ። 42 − 17 = 35 ይላል። ከሥሩ በቀይ ስክሪፕቶ፦ «ሚጣ፣ ይህ በጣም ደስ የሚል ስህተት ነው! ነገ ሰሌዳ ላይ።»

ደሜ ፈላ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

«መምህርት፣ ልጄ በመሳሳቷ ደስ አለዎት?»

«በጣም!» አሉኝ፣ ስንጥር በላስቲክ እያሰሩ። «ታናሹን ከታላቁ ላይ ነው የቀነሰችው። ሰባት ላይ ሁለት ሲነሣ አምስት፣ አራት ላይ አንድ ሲነሣ ሦስት። የራሷን ሕግ አውጥታለች እኮ፣ የሚጣ አባት! ቀላል ነገር ነው?»

«ታዲያ ለምን አያርሟትም?»

«እየታረመች ነው።»

«በማን?»

«በራሷ።»

«እንዴ! ሁለት ላይ ሰባት ስለማይነሣ ከጎረቤት ይበደራል፤ በቃ! ይሄን መንገር ምን ይከብዳል?»

«ጎረቤቱ ለምን ያበድራል?»

«ሕጉ ነዋ!»

አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «እንዴት አወቁ?»

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ዲግሪ አለኝ፣ ዞሬ ወጣሁ። ያናደደኝ አለማወቄ እንጂ እሳቸው እንዳልነበሩ የገባኝ ግን በኋላ ነው። ያን ዕለት በቀጥታ ቤቴ ገብቼ ብዕሬን አነሣሁ። ጽሑፍ እንጀራዬ ስለሆነ አቤቱታ አይከብደኝም። ሁለት ገጽ ሞላሁ። «የትውልድ ዕጣ ፈንታ» የሚለውን ሦስት ቦታ አስገባሁ፤ «ስህተት የሚጨበጨብበት ክፍል» የሚለውን አሰመርኩበት፤ የልጄንም 35 በማስረጃነት ጠቀስኩ። አስራ አንድ ወላጆች ሳያነቡ ፈረሙ። ከላይ «የወላጆች ተወካዮች» ብዬ ስለጻፍኩ የኔ ስም ከእነሱ ስም መሐል ተደብቆ ቀረ።

ከሳምንት በኋላ ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። «ሐሙስ ሱፐርቫይዘር ይመጣል» አሉኝ። «ክፍሉን አይቶ ካላመነበት መምህርቷ ከማስተማር ይወጣሉ። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ እስከዚያ ዕቃ ግምጃ ቤት ይቀመጣሉ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ስለሆኑ ወላጆችን ወክለው ቢገኙ ጥሩ ነው።»

ዕቃ ግምጃ ቤቱን አውቀዋለሁ። መስኮት የለውም፤ ያለው መጥረጊያና እግሩ የተሰበረ ወንበር ነው። እዚያ ውስጥ ማንን «እንዴት አወቅህ?» ሊሉ ነው? እኔ ይታረሙ አልኩ እንጂ ይቀበሩ አላልኩም።

«ደብዳቤውን መልሼ መውሰድ እችላለሁ?»

«ማኅተም ተመትቶበት?» አሉኝ፤ ስለ ትንሣኤ ሙታን የጠየቅኳቸው ይመስል።

ማታ እራት ላይ ልጄ አልበላ አለች። «አባ፣ ቲቸርን ከክፍላችን ሊያስወጧት ነው አሉ። ማነው የከሰሳት?»

ሳህኔን አየሁ። ሚስቴ መርፌዎቿን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ሳህኔ አጠገብ ደረደረቻቸው። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። የኋላው የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን ነክቶ ተቀመጥኩ። ሱፐርቫይዘሩ ረጅም፣ ልብሱ በደንብ የተተኮሰ፣ ብብቱ ሥር ማኅደር የያዘ ሰው ነው። መጀመሪያ ያየው የሰሌዳውን ጥግ ነው። መምህርቷ የልጄን 35 መልሰው ጽፈውታል።

«ደብዳቤው ላይ ስሙ ስለተነሣ ተከሳሹም ይቅረብ ብዬ ነው» አሉ።

ሱፐርቫይዘሩ አልሳቀም። «ሚጣ ማናት? ተነሺ እስቲ። አርባ ሁለት ላይ አስራ ሰባት ሲነሣ ስንት ይቀራል?»

«ሃያ አምስት።»

«ታዲያ ይሄ ሠላሳ አምስት ምንድነው?»

«የድሮ ስህተቴ ነው።»

«ስህተት መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የቀረኝን ከሰጠሁት ጋር መልሼ ስደምረው ሃምሳ ሁለት መጣ። እኔ የነበረኝ ግን አርባ ሁለት ነው። አስሩ ከየት መጣ?»

ሳትጠየቅ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ አራት እስር ስንጥርና ሁለት ነጠላ ደረደረች። «ሰባት ስጪ ተባልኩ፤ ነጠላው ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን እፈታዋለሁ።» ላስቲኩን አወለቀችው፤ ስንጥሮቹ ተበተኑ። «አሁን ነጠላው አስራ ሁለት ሆነ። ሰባት ሰጠሁ፣ አምስት ቀረኝ። ከሦስቱ እስር ደግሞ አንድ ሰጠሁ፣ ሁለት ቀረኝ። ሃያ አምስት።»

ኋላ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ሊሆን የተቃረበ ተማሪ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ስበደረው የኖርኩት ጎረቤት ለካ የራሴው እስር ኖሯል! የሚፈታው ላስቲክ ብቻ ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ግን በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። «ይህን ተለማምዳው ይሆናል» አለና ጠመኔ አነሣ። «አስራ ሁለት ሜትር ጥብጣብ አለ። ሦስት ሦስት ሜትር አድርገን ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንቆርጣለን?»

የልጄ እጅ ግማሽ ድረስ ወጣ። «ላስብ» አለች። «አይታሰብም» የሚላት አልነበረም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጣቶቿ አየሩን ቆረጡ። «ሦስት ጊዜ!»

ሱፐርቫይዘሩ መጥፎ ዜና እንደሚያረዳ ሐኪም አንገቱን ነቀነቀ። «አራት ነው፣ የኔ ልጅ። አስራ ሁለት ለሦስት ሲካፈል አራት።» ማኅደሩን ገልጦ ሊጽፍ ጀመረ። «ወላጆቹ እውነታቸውን ነው።»

በዚያች ቅጽበት መስኮት የሌለው ክፍል በዓይኔ መጣ። የገዛ ደብዳቤዬን ማኘክ አማረኝ።

«ጌታዬ» አሉ መምህርቷ በትሕትና፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፤ «እንዴት አወቁ?»

አርባ ሦስት ልጅም አብሯቸው አንገቱን ሰበር አደረገ።

«ማካፈል ነዋ!» አለ።

«እሺ። ሚጣስ፣ አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«እናቴ ጨርቅ ስትቆርጥ አያታለሁ። የመጨረሻውን አትቆርጠውም። እሱማ የጎኑ ሲቆረጥ አብሮ ተቆርጦ አልቋል።»

መምህርቷ ከኪሳቸው ክር አወጡ፤ አስራ ሁለት ስንዝር ለክተው ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን አስያዙ። መቀሱን ለሱፐርቫይዘሩ ሰጡት። «ይቁረጡት።»

ቆረጠ። «አንድ!» አሉ ልጆቹ። ቆረጠ። «ሁለት!» ቆረጠ። «ሦስት!» ለአራተኛው መቀሱን ከፈተ። የሚቆረጥ አልነበረም። መቀሱ አየር ላይ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ አራት ክሮች፣ ሦስት ሦስት ስንዝር፣ ሁለቱ በልጆቹ እጅ፣ ሁለቱ ወለል ላይ ናቸው።

ከፊት ወንበር አንድ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ብድግ አለ። «ቲቸር! የዛሬው ምርጥ ስህተት ተገኘ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ግን አልሳቁም፤ እሳቸው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። የልጄን 35 በክብር አጠፉ፤ በቦታው «አራት ጊዜ ይቆረጣል — ሱፐርቫይዘሩ» ብለው ጻፉ። «እዚህ ክፍል ሥርዓት አለን። ባለቤቱ ተነሥቶ ያስረዳል።»

ሰውዬው እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ ክሩን አየ። ከዚያ ማኅደሩን ወንበር ላይ አኖረ። «ቁራጮቹን ቆጠርኩ» አለ ቀስ ብሎ፤ «መቁረጡን ግን አልቆጠርኩም።»

ጭብጨባው ጣሪያውን አነሣው። ሰዎች ሲሸለሙ አይቻለሁ፣ ሲሾሙም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሰው ፊት የበራ ፊት ግን አላየሁም። የሱም መዳፍ ታሪክ ሳይኖረው አይቀርም። ተቀምጦ ብዙ ጻፈ፤ ሲጨርስ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ክፍሉ እንዳለ ይቀጥል። ሌሎች መምህራን መጥተው ይዩት።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጭብጨባ መሐል ሾልኮ ይወጣ ነበር። እኔም ላደርገው ነበር። ልጄ ግን ዞራ ከጆሮ እስከ ጆሮ እየሳቀችልኝ ነው። እጄን አወጣሁ።

«መምህርት፣ እኔም ስህተት አለኝ።»

«የረባ ነው?»

«ሁለት ገጽ ነው። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የልጄ ሳቅ ቆመ። መምህርቷ ምንም አልደነቃቸውም። «‹የትውልድ ዕጣ ፈንታ› ሦስት ጊዜ» አሉ፤ «እንደ እርስዎ የሚያወራ ሌላ ወላጅ የለኝም። እሺ፣ እንዴት ደረሱበት? ያስረዱን።»

ወደ ፊት ወጣሁ። ለአርባ ሦስት ልጆች ቀኝ መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁ። ስለ ማስመሪያው፣ ስለዚያ ሳምንት፣ እጄ ዛሬም ስለምትጨበጥበት ነገር ነገርኳቸው።

መምህርቷ ወደ ልጄ ዞሩ። «ሚጣ፣ ምን ትያለሽ? ይሄ ስህተት ነው ወይስ እንቅልፍ?»

«ላስብ» አለች።

አሰበች። ጊዜዋን ወሰደች። ከዚያ በፊት በሕይወቴ የጠበቅኳቸውን ውጤቶች ሁሉ ረሳኋቸው።

«ስህተት ነው» አለች በመጨረሻ፤ «ጥሩ ስህተት።» መጀመሪያ ያጨበጨበችውም እሷ ናት።

ወደ ቤት ስንሄድ ቀኝ እጄን ይዛኛለች። ጥጉ ጋ ስንደርስ ራሷ «አባ፣ ጠይቀኛ!» አለችኝ።

«ሰባት በስምንት?»

«ላስብ።»

ዳቦ ቤቱን አለፍን፣ ጫማ አሳማሪውን አለፍን። እጄ እጇ ውስጥ ነበረች፤ አልተጨበጠችም።

«ሃምሳ ስድስት!»

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

ቤት እስክንደርስ ስታስረዳኝ ነበር።