ስም ያልወጣለት መዝጊያ

እናንተዬ፣ ለነገር ሁሉ ስም ካላወጣ እህል በአፉ የማይዞር ጎረቤት አላችሁ? እኛ እዚህ ፔታ ቲክቫ ከተማ ጋሼ ፈረደ አሉን። ቀን ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ሲሠሩ ይውላሉ፤ ሲመለሱ ኢንተርኔት ላይ ሰው ሁሉ ተባብሮ የሚሠራውን ካርታ ያቃናሉ። በደጃችን ሥር የተቀበረው የውሃ መስመር ቦይ ይባል ወይስ ቱቦ? በዚህ ነገር ዓይቶ ከማያውቃቸው የሃይፋ ሰው ጋር ወር ሙሉ ተሟግተዋል።

«በራሱ የሚፈስ ከሆነ ቦይ፣ በግፊት የሚሄድ ከሆነ ቱቦ!» ይላሉ። ታዲያ ማን ወርዶ ይየው?

አንድ ዓርብ፣ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ ደጁ ፈንድቶ ውሃው እስከ ሁለተኛ ፎቅ ተወነጨፈ። እኛ ምንጣፍ ስናሸሽ ጋሼ ፈረደ በስብሰው ይስቃሉ።

«ግፊት! አላልኩም?»

«የውሃው መዝጊያ የት ነው?» ብለን ጮህን።

«እሱን ካርታው ላይ ገና አላስገባነውም፤ በስሙ አልተስማማንም።»

ባለቤታቸው እትዬ ዘውዲቱ የበሶብላቸውን ማሰሮ ገፋ አድርገው፣ ከሥሩ ያለውን መዝጊያ ጠመዘዙት። ውሃው ቀጥ አለ፤ ሰንበትም በሰላም ገባች።

ጋሼ ፈረደ ጎንበስ ብለው መዝጊያውን በፍቅር አዩት። «በሰደር፣ እሺ ይሁን፤ ለመሆኑ ዘውዲቱ፣ አንቺ ይህን ምን ትይዋለሽ?»

«እኔማ እዘጋዋለሁ እንጂ ምን እለዋለሁ!»