የክንዶቻችን ተቆጣጣሪ ሃምሳ አለቃ

ማንም ሳይሾመው የሰውን አካሄድ ለማቃናት ራሱን የሾመ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ሹም ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምልምል ወታደር ሰልፍ ሲያስተምሩ ኖረው፣ የጡረታ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ፊታቸውን ወደ ሲቪሉ ከማዞር በቀር ሥራቸውን አልለወጡም።

በየማለዳው ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አስቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይመረምራሉ። አንገቷን ደፍታ ስልኳን እያየች የምታልፈውን የባንክ ሠራተኛ፣ «የኔ ልጅ፣ መሬቱ የትም አይሄድብሽም፤ ቀና በይ» ይሏታል። ዳቦ ጋጋሪውን ደግሞ፣ «ነጠላ ጫማህን አንተ ነህ የምትነዳው ወይስ እሱ ነው የሚነዳህ?» አንድ ቀን ከመኪና የወረደ ሙሽራ አስቁመው ትከሻውን ሲያቃኑለት በዓይኔ አይቻለሁ። ሙሽራው አመስግኖ አለፈ፤ ሙሽራይቱ ግን እስካሁን ሰላም አትላቸውም።

እኔ አርባ ዓመት ጂኦሜትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ማረም እንጂ መታረም አልለመድኩም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት፣ «መምህር፣ ግራ እጅዎ አድሟል» ሲሉኝ ደሜ ፈላ።

«ሃምሳ አለቃ፣ የእኔ እጅ የሚታዘዘው ለእኔ ነው።»

«እሱን ነው የምልዎት፤ አይታዘዝም።»

ከዚያ ወዲያ በግራ ብብቴ ጋዜጣ ሸጉጬ ማለፍ ጀመርኩ። ጋዜጣ የያዘ ክንድ አይወዛወዝም፤ ማስረጃ ያጣ ክስም ይዘጋል። ሦስት ሳምንት በዚህ ብልሃቴ ኮራሁ። በአራተኛው ሳምንት ሃምሳ አለቃው ከበርጩማቸው ተነሥተው መንገዴ ላይ ቆሙና ጋዜጣውን ከብብቴ መዘዙት።

«አሁን ይሂዱ።»

ሄድኩ። ቀኝ እጄ እንደ ወትሮው ሲወዛወዝ ግራው ሚስማር ላይ እንደ ተሰቀለ ኮት ተንጠልጥሎ ቀረ። ጩኸታቸውን ጠበቅሁ። ያ መንደር የሚያናውጥ ድምፅ ግን ዝቅ አለ።

«የሰነፍ ክንድ ሲጮኹበት ይነቃል። የእርስዎ ስንፍና አይደለም። ታላቅ ወንድሜን እንዲህ ሲጀምረው፣ ሰነፍክ እያልኩ ሁለት ዓመት ጮኽኩበት። እባክዎ፣ ሐኪም ይዩ።»

«እባክዎ» ከዚያ አፍ ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ከተግሣጻቸው ሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ሐኪሟ ወገቤና ቁርጭምጭሚቴ ላይ የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ መሣሪያዎች አስራ ኮሪደሩን አመላለሰችኝ። የግራ እርምጃዬ ከቀኙ አጥሮ ኮምፒዩተሩ ላይ ታየ። ሌላውንም ምርመራ ከጨረሰች በኋላ፣ «ፓርኪንሰን ነው፤ ግን ገና ጅማሬው ላይ ነው» አለችኝ። «ብዙ ሰው የሚመጣው እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። እርስዎን ማን አየልዎት?»

«አንድ ጎረቤቴ።»

«ሐኪም ናቸው?»

«ከሐኪም ይብሳሉ።»

መድኃኒት ሰጠችኝ፤ በየቀኑም እየተቆጠረልኝ በእኩል ምት እንድራመድ አዘዘች። ቆጣሪ መፈለግ አላስፈለገኝም። አሁን በየማለዳው ጎን ለጎን እንሄዳለን። «ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ መምህር፣ ግራ ያልኩት ለእጅዎም ነው።»

ባለፈው ሳምንት ሃምሳ አለቃው ጉንፋን ጣላቸው። ባለቤቴ፣ «ዛሬ እንኳ እፎይ በል» አለችኝ። እኔ ግን ሰዓቴን ጠብቄ ግቢያቸው ገባሁና የመኝታ ቤታቸውን መስኮት አንኳኳሁ። መስኮቱ ተከፈተ፤ ብርድ ልብስ የተከናነበ ራስ ብቅ አለ፤ በተዘጋ ጉሮሮ ቆጠራው ተጀመረ። ግቢውን ዞርኩ፣ ደግሜ ዞርኩ። በአሥራ አንደኛው ዙር ላይ እየሳቅሁ መሆኔ ታወቀኝ።

«መምህር፣ ሰልፍ ላይ አይሳቅም» አሉኝ።

«እርስዎ ይቁጠሩ» አልኳቸው።