መርዶ ይዘን ባሕር ዳር

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ መኪናው የተበላሸበት፣ ሌላው ባሕር ዳር ቤት ያለው። እኔ በየጊዜው ከመጀመሪያዎቹ እመደባለሁ። ሁለተኛውን ዓይነት ለማየት ግን ከቶራንስ አልፎ ባሕሩ አፋፍ ላይ ወዳሉት ሰፈሮች መውረድ ያስፈልጋል። እዚያ ሰው ቡና ለመግዛት በባዶ እግሩ ይወጣል። ጫማ አለማድረግ የሀብት ምልክት የሆነበት አገር መድረሴን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

የሰፈሩን ደንብ የነገሩን እትዬ ዘውዴ ናቸው። የጎረቤቴ የጋሼ ታደሰ ሚስት ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ሲያስታምሙ ኖረው፣ ራሳቸው ታመሙና ከሦስት ወር በፊት አረፉ። ማታ ማታ ለጋሼ የሚያወሩላቸው ስለዚያ ሰፈር ነበር፤ መኪና ዳገቱ ላይ ይቆማል፣ ቁልቁል በእግር ይወረዳል፣ ሰላምታ ከሰውየው በፊት ለውሻው ነው፣ መቸኮል ነውር ነው። ጋሼ አሜሪካ ከመጡ አራት ዓመታቸው ቢሆንም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ፣ የቀረ ባልደረባም ተራ ሲሸፍኑ («ሺፍት ከቨር ማድረግ» ይሉታል) ስለሚውሉ፣ አንድም ቀን ሄደው አላዩትም።

ጋሼ በለቅሶው ጊዜ አላለቀሱም። ሦስት ቀን ሙሉ ለመጣው ሰው ወንበር ሲያቀብሉና «ፓርኪንግ አገኛችሁ?» እያሉ ሲጠይቁ ነው የከረሙት። ለቀስተኛውም የመኪና ማቆሚያው ሰዓት እንዳያልፍበት በሃያ ደቂቃ አጽናንቶ ይወጣል፤ ደረጃው ላይ ግን «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብሎ ጋሼን ለማማት ጊዜ አያጣም። እኔም አምቻቸዋለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጥቁር ክራቫት አስረው በሬን አንኳኩ። ያቺ አሮጊት የዘውዴን መሞት አልሰማችም አሉኝ፤ ዘጠኝ ዓመት አብሯት ለኖረ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አድራሻው ይኸው፣ እንግሊዝኛ ታውቃለህና አንተ ትነግርልኛለህ። እስቲ እምቢ ይባላል? እኔ ለሀበሻ እንኳ መርዶ መንገር አልችልበትም፤ ጭራሽ ለፈረንጅ!

ደንቡን ጠብቀን ወረድን። መኪናዬን ዳገቱ ላይ አቆምኩ። የሰኔ ጉም ሰፈሩን ውጦት ስለነበር ከባሕሩ የቀረልን ድምፁ ብቻ ነው። ጋሼ ለሚመጣው ውሻ ሁሉ ባርኔጣቸውን እያነሱ ቀስ ብለው ተራመዱ። መንገዱን ሁሉ ዘውዴ ነግራኝ ስለነበር አልጠፋኝም፣ አንድ ቀን እንኳ አብሬያት አለመምጣቴ ነው የቆጨኝ አሉ።

ቤቱ ጋ ስንደርስ መኪና ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ጋሼ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«መርዶው ቀድሞናል» አሉ።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ለዘውዴ ነው የመጣው፣ ፈረንጅ ለቅሶ አያውቅም እያልኩ ለካ በከንቱ ሳማቸው ኖሬያለሁ አሉ። ፊታቸው በራ። እኔ ግን በረንዳው ላይ ካለው መብራት ጀምሮ ዕቃው ሁሉ ላይ የተለጠፉትን ትንንሽ ወረቀቶች አየሁ። ዋጋ ነበር። ሽርጥ ያሰረችውን ሻጭ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት። አሮጊቷ ከሞተች ወር አልፏታል፤ ልጆቿ ሩቅ ናቸው፤ ዕቃው ዛሬውኑ ተሸጦ ማለቅ አለበት አለችኝ። ጋሼ ምን አለችህ ሲሉኝ፣ ግቡና ተቀመጡ ትላለች አልኳቸው። ምላሴ የሚተሳሰረው እውነት ለመናገር ነው እንጂ ለውሸት ማን ብሎኝ!

ጋሼ ገብተው መስኮቱ ሥር ያለው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ አለቀሱ። ሦስት ወር የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሱ። ወንበሩን ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት ፊታቸው ተገትረው ተራ ሲጠብቁ፣ ጋሼ በእንባቸው መሐል በእጃቸው ተቀመጡ ይሏቸዋል። ባልና ሚስቱ ግራ ገብቷቸው ለሽያጭ ወደተደረደረው ሳህን ሄዱ። እኔ መርዶ ልናገር መጥቼ መርዶ ደባቂ ሆኜ መሐል ቤት ቆሜያለሁ። ይህን ነገር እስክሞት አልናገርም፣ ይቺን ያህል ለቀስተኛ ለእትዬ ዘውዴ አይበዛባቸውም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ዳገቱን ወጣን። መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳስነሳ ጋሼ ቀበቷቸውን እያሰሩ ሴትዮዋ መቼ ነው የሞቱት ብለው ጠየቁኝ።

ደነገጥኩ። እንዴት አወቁ አልኳቸው።

«ለቅሶ ደርሶ ሳህን ተሸክሞ የሚወጣ ሰው የት አይተሃል?»

እና ካወቁ ያ ሁሉ እንባ ለማን ነበር? ጠየቅኳቸው፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።

ጋሼ ክራቫታቸውን ፈታ አደረጉ። «ያ ሁሉ ሰው ዕቃ ሲያገላብጥ ለሴትዮዋ አንድ የሚያለቅስላቸው የለም» አሉ። «ዘውዴ ብትኖር ይሄ የሷ ሥራ ነበር። ሶ፣ ሺፍቷን ከቨር አደረግኩላት።»